ዘጠና አንደኛው ሳንቃ

ተረት ልጀምር ነው፤ የሚሰማ ይቀመጥ፣ የቸኮለ ይለፍ።

ወይራ አምባና ግራር ውሃ የሚባሉ ሁለት መንደሮች ነበሩ። በመካከላቸው አጓት የሚባል ወንዝ በጥልቅ ገደል ውስጥ ይወርዳል። በገደሉ ላይ በብረት ገመድ የተንጠለጠለ ረጅም ድልድይ አለ። ድልድዩ ሁለት መቶ አርባ ሳንቃ አለው። ሁለት መቶ አርባው ሳንቃ የሁለት መቶ አርባ ቤት ነው፤ እያንዳንዱ አባወራ የራሱን ሳንቃ ጠርቦ፣ ምልክቱን በጋለ ብረት ተኩሶ፣ በሽቦ አስሮ አኑሮታል። ሲያረጅ የሚለውጠውም ራሱ ነው።

የእነዚህ መንደሮች ልማድ ታዲያ ከሌላው አገር ይለያል። አንድ ሰው ተበደልኩ ያለ እንደሆነ፣ ሽማግሌ ከመሰብሰቡ በፊት፣ ሳንቃውን ከድልድዩ ነቅሎ ደጃፉ ላይ ያቆማል። መንገደኛው ክፍተቱን ሲያይ «ይህ የማን ነው? ማን በደለው?» እያለ ያልፋል። በዚህ ዓይነት የአንዱ ቅያሜ ሳይውል ሳያድር የሁሉም ወሬ ይሆናል። ሕግም አለው፤ ጎን ለጎን ያሉ ሁለት ሰዎች አብረው አይነቅሉም። አንድ ጊዜ ሠርግ ላይ ጠብ ተነሥቶ በአንድ ቀን አሥራ ዘጠኝ ሳንቃ ተነቅሎ ነበር ይባላል፤ ድልድዩም ጥርሱ የረገፈ ሽማግሌ መስሎ ከረመ።

በወይራ አምባ በኩል፣ ከድልድዩ አፍ ላይ፣ አያ ልየው የሚባል ጠንቃቃ ሽማግሌ ይኖር ነበር። በየማለዳው ወጥቶ የብረቱን ገመድ በእጁ ይነቀንቃል፣ ጆሮውን አስጠግቶ ያዳምጣል፣ የፊተኞቹን ሳንቃዎች በከዘራው ቆንቆን ያደርጋል። ከዚያ ለመንገደኛው ሁሉ፣ «ዛሬ ወደ ቀኝ ትንሽ አዝምሟል፣ በግራ በኩል ሂዱ»፣ «የአያ ወንዴ ሳንቃ ሽቦው ላልቷል፣ ጫፉን አትርገጡ» ይላል። ድልድዩን እንደ እሱ የሚያውቅ ሰው አልነበረም፤ እንደ እሱ ያልተሻገረውም አልነበረም። አንድ ቀን እንኳ ማዶ ደርሶ አያውቅም።

ልጁ እንጉዳይ ግን ማዶ ግራር ውሃ ተዳረች። ለቅልቅሏ ቢጠሩት፣ «ንፋስ አለ» ብሎ ቀረ። አራስ ሆና ቢጠሩት፣ «ንፋሱ አልበረደም» ብሎ ቀረ። አሁን ሕፃኑ አርባ ቀኑ ደረሰ፤ ክርስትናው ቅዳሜ ሊሆን ነው። ሚስቱ ማክሰኞ ዕለት ድፍድፏን በእንስራ አዝላ እንደ ፍየል ቱር ቱር እያለች ተሻግራ ሄደች። ከመሄዷ በፊት ግን የልጃቸውን መልእክት ነገረችው።

«‹ለቅልቅሌ ቀረ፣ ለአራስነቴ ቀረ። ለክርስትናው ከቀረ፣ ልጄ አድጎ አያቴ ማነው ሲለኝ፣ ድልድዩን የሚያዳምጥ አንድ ሰው ማዶ አለ እለዋለሁ› ብላሃለች። እኔ የለሁበትም፤ ያለችውን ነው ያልኩህ።»

ይህ ነገር አያ ልየውን አንጀቱን በላው። ስለዚህ ዓርብ ጠዋት ጋቢውን ወገቡ ላይ ጠበቅ አድርጎ አሰረ። ጫማውን አውልቆ ከዘራው ጫፍ ላይ አንጠለጠለ፤ ሳንቃ በእግር መዳፍ ካልዳሰሱት አይታመንም ባይ ነው። አማተበና ድልድዩ ላይ ወጣ።

ያ ድልድይ ሰው ሲወጣበት ያውቃል። መጀመሪያ ዝም ይላል። አሥረኛው ሳንቃ ላይ ይተነፍሳል። ሠላሳኛው ላይ ወገቡን ያወዛውዛል። ከስልሳ በኋላ አንተ ስትረግጥ እሱ ይወርዳል፣ አንተ ስታነሣ እሱ ይወጣል፤ ጉልበትህ የራስህ ይሁን የድልድዩ ይጠፋሃል። ንፋሱ ከላይ አይመጣም፤ ከሥር በሳንቃዎቹ መካከል እየሾለከ ሱሪህ ውስጥ ይገባል። አያ ልየው ሳንቃውን በባለቤቱ ስም እየጠራ፣ «ይህ የአያ ወንዴ፣ ይህ የመሪጌታ፣ ይህ የዚያች የምስኪን» እያለ ዘጠና ደረሰ። እግሩን ለዘጠና አንደኛው ሲያነሣ፣ ዘጠና አንደኛው የለም።

ክፍተቱ ሁለት ስንዝር ቢሆን ነው። ልጆች ሳያዩት የሚያልፉት፣ አህያ እንኳ የማይቆምበት ነው። አያ ልየው ግን ወደ ታች አየ። አጓት ወንዝ ከታች ቀና ብሎ፣ «እንዴት አደርክ?» ያለው መሰለው። ዞሮ እንዳይመለስ መዞር ያወዛውዛል። እናም ዘጠናውን ሳንቃ የኋሊት፣ እንደ ቤተ መንግሥት አሽከር እጅ እየነሣ፣ ወጥቶ ሲያበቃ መሬት ላይ ተቀመጠ።

«አንድ ሳንቃ!» አለ። «አንድ ሳንቃ ብቻ ቢኖር ደርሼ ነበር።»

ዘጠና አንደኛው የማን እንደሆነ ያውቃል። የደባሱ ነው፤ የሸማኔው። ጫማውን አጠለቀና ወደ ደባሱ ቤት ሄደ። ሳንቃው ደጃፉ ላይ ቆሟል። ደባሱም ከሳንቃው አጠገብ ክንዱን አጣምሮ ቆሟል።

«ደባሱ ወንድሜ፣ የልጅ ልጄን ላይ ብዬ ተነሣሁ፤ ድልድዩ ሳንቃ ጎደለው፤ እኔም የልጅ ልጄን አላየሁ። እባክህ ሳንቃህን መልስ።»

«አልመልስም! የስንዱ በቅሎ ትናንት አመሻሽ የዘረጋሁትን ድር ሰንጥቃ ገባችበት። መግባቷስ ይሁን፤ ድሩን አንገቷ ላይ ጠምጥማ እንደ ሙሽራ መንደሩን ዞረችበት! የሦስት ሳምንት ሥራዬን! በቅሎዋን ትሰር፣ ሳንቃዬን እመልሳለሁ።»

«ዛሬውኑ?»

«በቅሎዋ ከታሰረች፣ አንተ ምራቅህን ሳትውጥ።»

አያ ልየው ወደ ስንዱ ቤት ሄደ። እትዬ ስንዱ ምላሷ ከጠላዋ የበለጠ የሚያሰክር ሴት ናት። በቅሎዋ ከኋላዋ ቆማ የጎረቤት አጥር ትበላለች።

«እትዬ ስንዱ፣ ድልድዩ ሳንቃ ጎደለው፤ ደባሱ ሳንቃ አልመልስ አለ፤ እኔም የልጅ ልጄን አላየሁ። እባክሽ በቅሎሽን እሰሪ።»

«ደባሱ! እሱ የሠራውን ጋቢ ለብሼ ለቅሶ ብሄድ፣ ሟቹን ትተው እኔን አዩኝ! በቅሎዬ ያንን ድር በማጥለቋ ሊያመሰግናት ይገባል፤ ያማረበት ያን ዕለት ብቻ ነው። ለማንኛውም አላስራትም።»

«ለምን?»

«በምን ልሰራት አያ ልየው? በጸጉሬ? ገመዴን ማር ቆራጩ ይበልጣል ተውሶኝ ሄደ። እሱ ገመዴን ይፍታ፣ እኔ በቅሎዬን አስራለሁ።»

አያ ልየው ወደ ይበልጣል ሄደ። ይበልጣል ከአንድ ትልቅ ዋንዛ ሥር በአራት እግሩ ሆኖ ወደ ላይ ያያል። የዋንዛው ቅርንጫፍ ተሰንጥቋል፤ ቀፎውም በስንዱ ገመድ ታስሮ አየር ላይ ተንጠልጥሏል፤ ንቦቹም ይጉመተመታሉ።

«ይበልጣል!» ብሎ ጮኸ አያ ልየው።

«እሽሽ!» አለ ይበልጣል በሹክሹክታ። «ዛሬ ተቆጥተዋል። ቀስ ብለህ ተናገር፤ ከቻልክ እጅህንም አታንቀሳቅስ።»

አያ ልየው አጠገቡ በእንብርክክ ሄዶ፣ አፉን ወደ ጆሮው አስጠግቶ በሹክሹክታ እንዲህ አለ፦

«ድልድዩ ሳንቃ ጎደለው፤ ደባሱ ሳንቃ አልመልስ አለ፤ ስንዱ በቅሎ አላስር አለች፤ እኔም የልጅ ልጄን አላየሁ። እባክህ ገመዱን ፍታ።»

«ልፍታው?» አለ ይበልጣል እንደዚያው በሹክሹክታ። «ደስ ይለኛል። ብቻ ስፈታው ቀፎው ይወርዳል፣ ቀፎው ሲወርድ ንቦቹ ይወጣሉ፣ ንቦቹ ሲወጡ አንተና እኔ የት ነው የምንገባ?»

አያ ልየው ወደ ላይ አየ፤ ሁለት እርምጃ ወደ ኋላ ተንፏቀቀ።

«አናጢው እንየው ለቅርንጫፉ አንድ ባላ ይቁረጥልኝ፤ እደግፈዋለሁ፤ ገመዱን እፈታለሁ። አሁን ሂድ። አትሩጥ። የሚሮጥ ሰው ይወዳሉ።»

አያ ልየው ሳይሮጥ፣ ግን ሊሮጥ ምንም ሳይቀረው፣ ወደ አናጢው ወደ እንየው ሄደ። አናጢው እንየው የነገሩን ሁሉ መሠረት መፈለግ የሚወድ ሰው ነው።

«አያ እንየው፣ ይበልጣል ገመድ አልፈታ ስላለ…»

«ቆይ!» አለ እንየው። «ቤት ከጣራ አይጀመርም። ከመሠረቱ ጀምር።»

«ከመሠረቱ ድልድዩ ሳንቃ ጎደለው።»

«እሱ መሠረት ነው። ቀጥል።»

«ደባሱ ሳንቃ አልመልስ አለ፤ ስንዱ በቅሎ አላስር አለች፤ ይበልጣል ገመድ አልፈታ አለ፤ እኔም የልጅ ልጄን አላየሁ። እባክህ አንድ ባላ ቁረጥ።»

«አሁን ቤት ሆነ» አለ እንየው ራሱን እየነቀነቀ። «ባላውንም አይቼዋለሁ፤ ከቤቴ ጓሮ አንድ የወይራ ባላ አለ፣ ለዚያ ቀፎ የተፈጠረ ነው የሚመስል። ብቻ አልቆርጥልህም።» መጥረቢያውን አንሥቶ አሳየው። ጠርዙ ተሸራርፎ የውሻ መንጋጋ መስሏል። «ትናንት ድንጋይ መታሁበት። በዚህ ወይራ ብመታ ወይራው ይስቅብኛል። ባለእጁ ቢያድግልኝ ይሳልልኝ፣ ባላህን እቆርጣለሁ።»

አያ ልየው ፀሐይዋን ቀና ብሎ አየ። ወደ ራስ አናት እየመጣች ነው። ነገ ቀዳሚት ሰንበት ነው፤ በሰንበት መጥረቢያ የሚያነሣ የለም። ሁሉም ዛሬ ካላለቀ አያልቅም። መጥረቢያውን ተሸክሞ ወደ ባለእጁ ወደ ቢያድግልኝ እየተጣደፈ ሄደ።

ቢያድግልኝ ከምድጃው ፊት በሆዱ ተኝቶ ከሰሉን በአፉ እፍ ይላል። ጢሙ በአመድ ነጥቷል።

«ቢያድግልኝ፣ እንደምን ዋልክ? ድልድዩ…»

«ነገርህን ከማምጣትህ በፊት ተኛና እፍ በል! ብቻዬን አልቻልኩም። እየነፋህ ታወራኛለህ።»

አያ ልየው ጋቢውን ሰብስቦ በሆዱ ተኛ።

«ድልድዩ ሳንቃ ጎደለው… እፍ! ደባሱ ሳንቃ አልመልስ አለ… እፍ! ስንዱ በቅሎ አላስር አለች… እፍ! ይበልጣል ገመድ አልፈታ አለ… እፍ! እንየው ባላ አልቆርጥ አለ… እፍ! እፍ! እኔም የልጅ ልጄን… ኡህ! ኡህ! ኡህ!»

«አላየሁ» አለ ቢያድግልኝ ጀርባውን እየመታለት። «ገብቶኛል። ግን አየህ፣ ከሰሉ እንደ ተኛ ነው። ወናፌ ተቀደደብኝ። ልሰፋው ስል ወስፌዬ ተሰበረ። ወናፍ የሌለው ባለእጅ ሳንባ የሌለው ሰው ነው። እማሆይ አመተ ማርያም ደኅና የስፌት ወስፌ አላቸው፤ እሱን አምጣልኝ፣ ወናፌን ሰፍቼ መጥረቢያውን ፀጉር የሚላጭ አደርግልሃለሁ።»

እማሆይ አመተ ማርያም ከጎጇቸው ጥላ ሥር ተቀምጠው ትንሽ ሙዳይ ይሰፋሉ። አያ ልየው ፊቱ በአመድ ነጥቶ፣ ጉልበቱ አፈር ለብሶ፣ ከትከሻው ላይ አንዲት ንብ ይዞ ሲመጣ አይተው ወስፌያቸውን አላቆሙም።

«እግዚአብሔር ይማርህ ልየው። ምን ሆንክ?»

«እማሆይ፣ ድልድዩ ሳንቃ ጎደለው፤ ደባሱ ሳንቃ አልመልስ አለ፤ ስንዱ በቅሎ አላስር አለች፤ ይበልጣል ገመድ አልፈታ አለ፤ እንየው ባላ አልቆርጥ አለ፤ ቢያድግልኝ መጥረቢያ አልስል አለ፤ እኔም የልጅ ልጄን አላየሁ። ወስፌዎን ያውሱኝ፣ እግርዎ ሥር ልውደቅ።»

«አትውደቅ፣ ሙዳዩን ትረግጠዋለህ» አሉ እማሆይ። «ወስፌዬን አልሰጥም። ዙሩን ሳልዘጋ ከነቀልኳት የሰፋሁት ሁሉ ይፈታል። ይህ ሙዳይ ደግሞ የማን እንደሆነ ታውቃለህ? የዚያው የልጅ ልጅህ ነው። ነገ ለክርስትናው የማበረክተው ነው።»

«መቼ ይዘጋል ታዲያ?»

«አንድ እፍኝ የስፌት ሣር፣ አክርማ፣ ሲገኝ። የዚህን ወገን አክርማ በጎች ጨረሱት። ከማዶ ግን፣ ከድልድዩ አፍ ከፍ ብሎ፣ ሞልቷል።»

 አያ ልየው ሐሳቡን ወደ ፊት አስኬደው፣ ወደ ኋላ መለሰው።

«እማሆይ፣ አክርማው ያለው ከማዶ ነው።»

«አዎን።»

«ማዶ የሚኬደው በድልድዩ ነው።»

«አዎን።»

«ድልድዩ ሳንቃ ጎድሎታል።»

«ነገርከኝ እኮ።»

«ሳንቃው እንዲመጣ አክርማ ያስፈልጋል። አክርማው እንዲመጣ ሳንቃ ያስፈልጋል።»

«እሱ የአንተና የድልድዩ ጉዳይ ነው» አሉ እማሆይ። «የኔ ጉዳይ አንድ እፍኝ ነው።»

አያ ልየው የሚልከው ሰው ፍለጋ ድልድዩ አፍ ላይ ቆመ። ዓርብ የደጋው ገበያ ነው። እግር ያለው ሁሉ ከሁለቱም መንደር በማለዳ ወጥቷል፤ የሚመለሰው አመሻሽ ነው። በአመሻሽ ማን ይሰፋል? ማን ይስላል? ማን ይቆርጣል? ቆሞ ጠበቀ። አንድ ቁራ አለፈ። ሌላ ማንም አላለፈም።

ያን ጊዜ አንድ ሌላ ጭንቀት ያዘው። እስከ አሁን የተባለውን ሁሉ ቢረሳስ? ባላው ከገመዱ በፊት ነው ወይስ በኋላ? ወስፌው ለማን ነው? በዕድሜው የተነሣ ስም እየጠፋው ነው፤ ከዚህ ሁሉ ነገር አንዱ ቢወድቅ ሌላው ሁሉ ይወድቃል። ስለዚህ ቶሎ ቶሎ ይደግመው ጀመር። እየደገመም እግሩ ሥራ አልፈታም፤ ጫማውን አወለቀ፣ ከዘራው ላይ አንጠለጠለ፣ ድልድዩ ላይ ወጣ። ለአንድ ሳንቃ አንድ ቃል፤

«ድልድዩ… ሳንቃ… ጎደለው። ደባሱ… ሳንቃ… አልመልስ… አለ። ስንዱ… በቅሎ… አላስር… አለች። ይበልጣል… ገመድ… አልፈታ… አለ። እንየው… ባላ… አልቆርጥ… አለ። ቢያድግልኝ… መጥረቢያ… አልስል… አለ። እማሆይ… ወስፌ… አልሰጥ… አሉ። እኔም… የልጅ… ልጄን… አላየሁ።»

ጨርሶ ሠላሳ አንደኛው ሳንቃ ላይ ደረሰ። ደግሞ ጀመረ፤ ስልሳ ሁለተኛው ላይ ጨረሰ። ሦስተኛ ጀመረ። ድልድዩ ይተነፍሳል፣ ይወዛወዛል፣ ይወጣል፣ ይወርዳል፤ አያ ልየው አይሰማም። ዓይኑ ማዶ ካለው አክርማ ላይ ነው፤ ልቡ ቃሉ ላይ ነው። «እኔም» ሲል ዘጠናኛው ሳንቃ ላይ ነበር። «የልጅ» ሲል ዘጠና ሁለተኛው ላይ ነበር። በመካከል ያለውን እሱም አላየ፣ እግሩም አልነገረው።

ማዶ ደረሰ። በርከክ ብሎ አክርማ ይመዝ ጀመር።

የእንጉዳይ ቤት ከዚያ ከፍ ብሎ ነው። አራስ ናትና፣ ልጇም ገና አልተጠመቀምና፣ ከደጃፏ አትወጣም። ከመድረኩ ላይ ቆማ ታየዋለች። መጀመሪያ ዓይኗን አላመነችም።

«አባዬ?»

«ቆይ! አታቋርጪኝ፣ ይጠፋኛል! ይበልጣል ገመድ አልፈታ አለ፣ እንየው ባላ…»

«አባዬ! ተሻገርክ እኮ! እልል! እናቴን ልጥራት?»

«ማንንም አትጥሪ። አክርማ ልወስድ ነው የመጣሁት።»

«ልጄን ለማየት አይደለም?»

«ለእሱማ ገና ነኝ!» አለ አያ ልየው ቀና ብሎ። «ሳንቃው ሳይገባ በምን እመጣለሁ?»

 እንጉዳይ ለሕፃን በሚነገር ድምፅ፣ «አባዬ» አለችው፤ «አሁንስ በምን መጣህ?»

አያ ልየው ወደ ኋላው ዞረ። ድልድዩ በፀሐይ ውስጥ ተንጠልጥሏል። መካከሉ ላይ አንድ ጥርስ የጎደለው ያህል ብርሃን ይታያል። ቆጠረ። ዘጠና አንደኛው ነው። አክርማው ላይ ዘጭ አለ።

«አይዞህ፣ አልፏል» አለች እንጉዳይ። «አለቀ እኮ። ና ግባ። ቤቱ ይኸው፣ ልጁም ይኸው።»

እውነቷን ነው። ሃያ እርምጃ ቢሆን ነው። አያ ልየው ተነሣ፣ አሥሩን ተራመደ። ከዚያ ቆመ።

«እንጉዳይ፣ ሰኞ ልጁን ይዘሽ ወደ ቤታችን ትመጪ የለ?»

«እመጣለሁ እንጂ። ወጉ ነው።»

«በየት?»

«በድልድዩ ነዋ።»

«ያን ክፍተት እንዴት ልታደርጊው?»

«አዝዬው ዘለል ነዋ!»

አያ ልየው እፍኙን አክርማ ጋቢው ጫፍ ላይ ቋጠረ።

«እኔ ዘልዬዋለሁ፤ አላየሁትማ። አንቺ ግን የልጅ ልጄን አዝለሽ አትዘይውም። ደግሞ ስድስት ሰው በዚህ ቋጠሮ ላይ ቆሟል።» ፊቱን ወደ ድልድዩ መለሰ።

እንጉዳይ ከመድረኩ ጮኸችበት። «አውቅሃለሁ አባዬ! ከተመለስክ አትመጣም! ንፋስ አለ ትላለህ!»

«ንፋስማ አለ» አለ አያ ልየው፣ የመጀመሪያውን ሳንቃ እየረገጠ።

የመልሱ መንገድ እንደ መምጫው አልሆነም። አሁን ያውቃል። የብረቱ ገመድ መዳፉን አላበው። ከንፈሩ ቃሉን ይላል፣ ዓይኑ ግን ክፍተቱን ብቻ ያያል፤ ክፍተቱም እየቀረበ ሲሄድ እየሰፋ ሄደ። አምስተኛውን ዙር ሲደግም፣ «እማሆይ… ወስፌ…» ብሎ ቆመ። ከፊቱ ባዶ ነው። ከሥሩ አጓት ይጮኻል። ከኋላው፣ ከሩቅ፣ አንድ ሕፃን ያለቅሳል።

«አልሰጥ!» ብሎ ጮኸ አያ ልየው፣ እግሩንም ሰደደ። «አሉ!» ሲል ወዲህኛው ሳንቃ ላይ በሁለት እግሩ ቆሟል። ሁለት ስንዝር ነበረች። ለእሱ ግን ከወይራ አምባ እስከ ሰማይ ነበረች።

ከዚያ ወዲያ ነገሩ እንደ ተተረተረ ኳስ ክር ሄደ። እማሆይ አክርማ ተቀበሉ፣ ዙሩን ዘጉ፣ ወስፌውን ሰጡ። ቢያድግልኝ ወስፌ ተቀበለ፣ ወናፉን ሰፋ፣ መጥረቢያውን ሳለ። እንየው መጥረቢያ ተቀበለ፣ በአውራ ጣቱ ሞከረና ቆረጠው፤ መጀመሪያ ጣቱን፣ ቀጥሎ ባላውን። ይበልጣል ባላ ተቀበለ፣ ቅርንጫፉን ደገፈ፣ ገመዱን በሹክሹክታ ፈታ። ስንዱ ገመድ ተቀበለች፣ በቅሎዋን አሰረች። የሰጠ ሁሉ የሰጠው የት እንደሚደርስ ሊያይ እየተከተለ፣ ደባሱ ደጅ ሲደርሱ ሰልፍ ሆነዋል።

«በቅሎዋ ታስራለች» አለ አያ ልየው። «ምራቄንም አልዋጥኩም።»

ደባሱ ጎንበስ ብሎ ቋጠሮውን አየ። «ይቅርታ ግን አልተባልኩም።»

«በቅሎዋ ትበልህ!» አለች ስንዱ። «ከእሷ ነው የተጣላኸው። ና፣ እሷም ቆማለች።» ቀጥላም፣ «ድሩን እኔ እፈትልልሃለሁ፤ ያንተ ፈትል ነው ያስቀየማት» አለችው። ደባሱ ላለመሳቅ ጢሙን ነከሰ፤ አልሆነለትም። ሳንቃውን ተሸከመ።

ፀሐይ ሳትጠልቅ ዘጠና አንደኛው ሳንቃ ቦታው ገባ፣ በሽቦ ታሰረ። ደባሱ ላዩ ላይ ሦስት ጊዜ ዘለለ፤ አያ ልየው ሦስቱንም ጊዜ ዓይኑን ጨፈነ።

«በል ተሻገር» አሉት።

«አሁንማ ተሻግሮ የለ!» አለች ስንዱ። «ሁለት ጊዜ!»

«ያ ለአክርማ ነው» አለ አያ ልየው። «መሄድ አሁን ነው።»

ከፊት እሱ፣ ከኋላው ደባሱ፣ ከዚያ እማሆይ ሙዳያቸውን ይዘው፣ ከዚያ ሌሎቹ ሁሉ ለክርስትናው ዋዜማ ተከተሉ። አያ ልየው ጫማውን አንጠልጥሎ፣ ለአንድ ሳንቃ አንድ ቃል፣ «ድልድዩ… ሳንቃ… ጎደለው» እያለ ሄደ። ቃሉ አሁን ውሸት ቢሆንም እግሩ ሌላ አያውቅም። ሦስተኛውን ዙር ሊጨርስ ሲል፣ «እኔም» አለ። እግሩ በገዛ ራሱ ተዘረጋ። «የልጅ» አለ።

«ኧረ አያ ልየው!» ብሎ ጮኸ ደባሱ። «ሳንቃዬን ዘለልከው እኮ!»

አያ ልየው ዞሮ አየ። ቀኑን ሙሉ የለመነለት ሳንቃ ከኋላው ደረቱን ገልብጦ ተኝቷል። ከድልድዩ ማዶ ደግሞ እንጉዳይ መድረኩ ላይ ቆማ፣ አባቷ መካከል ላይ ደርሶ ሲዞር አየች።

«አባዬ!» አለች በጩኸት። «ደግሞ ወዴት ነው?»

«ሳንቃው ላይ ልቆም ነው!» አለና አንድ እርምጃ ወደ ኋላ ተመለሰ። ሁለቱን እግሩን አጋጥሞ ቆመበት። ጣቶቹን አንቀሳቀሰ። ደኅና ሳንቃ ነው።

ከዚያ ሄደ፤ ሃያውንም እርምጃ ሄደ፤ ገባም። እንጉዳይ እያለቀሰችና እየሳቀች ልጁን ክንዱ ላይ አኖረችለት።

አያ ልየው የልጅ ልጁን አየ። የልጅ ልጁ ግን ተኝቶ ነበር፤ እሱን አላየውም።

ተረቴም ማዶ ደረሰ። የዘለልኩት ካለ ተመልሼ እረግጠዋለሁ።